ጉግስ፦ የጥር ወር የፈረስ ጨዋታና ልጆቻችን

(በሬዲዮ ዝግጅታችን ከቀረበው ንግግር ለመጽሔቱ የተዘጋጀ)

  

 የዛሬው ጨዋታችን ስለ ፈረስ ነው። ጥር ሲገባ ከጉና ግርጌ እስከ ፎገራ ሜዳ ድረስ ባሉ ቤቶች አንድ ጭቅጭቅ ይነሳል። ልጁ ፈረስ አይቶ መጥቷል፣ ልቡ ሸፍቷል፤ «እኔም ልጋልብ» ይላል። እናት «ወድቀህ ትሰበርና!» ትላለች። አባት ደግሞ ሌላ ነገር ያሳስበዋል፤ «ይህ ጨዋታ የሌላው እምነት በዓል ማድመቂያ አይደለም ወይ? ውርርድስ የለበትም ወይ?» ይላል። ሦስቱም የሚናገሩት እውነት አለው። አራተኛው ግን ስለማይናገር ማንም አይጠይቀውም፤ እሱም ፈረሱ ነው። ዛሬ ኢንሻአላህ የአራቱንም ጉዳይ በየተራ እናያለን።

መጀመሪያ ጨዋታውን እንወቀው። ጉግስ ሁለት ወገን ፈረሰኞች የሚጫወቱት የማባረርና የመሸሽ ጨዋታ ነው። አባራሪው ጫፉ ያልሾለ ቀላል ዘንግ ይይዛል። ሸሺው ከቆዳ የተሠራ ጋሻ ይይዛል። አባራሪው ፈረሱን ሽምጥ እያስጋለበ ይጠጋና ዘንጉን ይወረውራል። ሸሺው በኮርቻው ላይ እንዳለ ወደ ኋላ ዞሮ በጋሻው ይመክታል፣ ወይም በፈረሱ አንገት ላይ ድፍት ብሎ ዘንጉን በላዩ ያሳልፈዋል። ሜዳው ሲያልቅ ነገሩ ይገለበጣል፤ ሲሸሽ የነበረው ያባርራል፣ ሲያባርር የነበረው ይሸሻል።

ለተመልካች ነገሩ ሁሉ ፍጥነት ይመስለዋል። ከፍጥነቱ የሚበልጠው ግን ልኩን ማወቅ ነው። ፈረስ ሶምሶማ ይረግጣል፣ ደንገላሳ ይመታል፣ ሽምጥ ይጋልባል። ጥሩ ፈረሰኛ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲሸጋገር ዛቡን ሳይጎትት በጉልበቱና በሰውነቱ ሚዛን ብቻ ያስታውቀዋል። አንድ እጁ ዘንግ፣ ሌላው እጁ ጋሻና ዛብ ይዞ ሳለ በሙሉ ግልቢያ ላይ ፈረሱን ማዞር የዓመታት ልምምድ ውጤት እንጂ የአንድ ቀን ድፍረት አይደለም። ባለ ድፍረቱ ልጅ ብዙውን ጊዜ የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነው፤ ሲጋልብ ሳይሆን ሲዞር።

እንዲህ ያለ ጨዋታ በዓለም ላይ የእኛ ብቻ አይደለም። ቱርኮች ጅሪት የሚሉት ጨዋታ አላቸው። ሁለት ረድፍ ፈረሰኞች ፊት ለፊት ተሰልፈው በእንጨት ዘንግ ይወራወራሉ። ወንድም ጉግስ ቢባል አያንስበትም። ሞሮኮዎች ፈረሰኞች በአንድ መስመር ጋልበው በአንድ ቅጽበት ጠብመንጃ የሚተኩሱበትን ተቡሪዳ እስከ ዛሬ ይዘውታል፤ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2021 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሮታል። እንግሊዞች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1929 ለልጆች ብቻ የፈረስ ግልቢያ ክበብ አቋቋሙ። ከ1957 ጀምሮም ልጆች በድንክ ፈረስ ላይ ሆነው በተተከሉ እንጨቶች መሃል እየተጥመዘመዙ የሚሮጡበት፣ ባንዲራ ከአንድ ቦታ ነቅለው ሌላ ቦታ የሚተክሉበት የቡድን ውድድር ያካሂዳሉ። ወደዚህኛው ኋላ እንመለሳለን፤ ለእኛም የሚሆን ነገር አለበት።

ጉግስ የተወለደው በጦር ሜዳ ነው። ፈረሰኛ ጦር ማባረርንና መሸሽን፣ ጦር መወርወርንና መመከትን በሰላም ጊዜ የሚለማመደው በጨዋታ ነበር። ይህን ለማየት ከደብረ ታቦር የተሻለ ቦታ የለም። ከተማዪቱን በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የቆረቆሩት የየጁው ራስ ጉግሳ ናቸው። የየጁ መሳፍንት የዘር ሐረጋቸው ከሙስሊሞች የሚመዘዝ ሲሆን፣ የታወቁትም በፈረሰኛ ጦራቸው ነው። የመጨረሻው ታላቅ መስፍን ራስ አሊ፣ ኋላ አፄ ቴዎድሮስ በተባሉት በካሳ ኃይሉ እስከተሸነፉበት እስከ ሰኔ 1845 ዓ.ም. የአይሻል ጦርነት ድረስ ደብረ ታቦር የዚያ ፈረሰኛ ጦር መናኸሪያ ነበረች።

ከደብረ ታቦር ቁልቁል ወደ ጣና ሲወረድ፣ ዛሬ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በወረታና በአዲስ ዘመን መካከል ይፋግ ትገኛለች። በዚያ ዘመን ይፋግ ትልቅ ገበያና የቀረጥ መቀበያ ነበረች። አጠገቧ ያለችው ደሪጣም የሙስሊም ነጋዴዎች መንደር ነበረች። በጎንደር አገር «ነጋዴ» ሲባል ብዙውን ጊዜ ሙስሊም ማለት እንደነበር አባቶች ያውቁታል። ነጋዴ ደግሞ ያለ በቅሎ፣ ያለ አህያ፣ ያለ ፈረስ ነጋዴ አይሆንም። ጀርባ እንዳይላጥ ጭነት እንዴት እንደሚመዘን፣ ኮቴ መቼ እንደሚታይ፣ የደከመ እንስሳ የት ውሃ እንደሚጠጣ ካላወቀ ዕቃው መንገድ ላይ ይቀራል። ስለዚህ የይፋግ ልጅ ፈረስ ወደደ ሲባል አዲስ ነገር አመጣ አይባልም። የአያቶቹ ሥራ ነው።

ፈረስና ሰው በአገራችን ምን ያህል እንደተቆራኙ ስማቸው ይናገራል። ታላላቅ ሰዎች በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ ተብለዋል። የጅማው ንጉሥ ሙሐመድ ኢብን ዳውድ ደግሞ አገር የሚያውቃቸው አባ ጅፋር በሚለው የፈረስ ስማቸው ነው። የጅማን ነገር ካነሳን አይቀር፣ የአርሲንና የባሌን ደጋ የሚያውቅ ሰው እዚያ ያሉ ሙስሊም ወንድሞቻችን ያለ ፈረስ ሠርግም ለቅሶም እንደማይሆንላቸው ያውቃል። «ፈረስ የእኛ ባህል አይደለም» የሚል ሙስሊም ካለ አንድ ጊዜ ወደ አሳሳ ወይም ወደ ሮቤ ሄዶ መጠየቅ ይችላል።

ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) ፈረሶቻቸውን በስም ይጠሩ ነበር። አንዱ ሰክብ፣ አንዱ ሙርተጂዝ፣ አንዱ ሉሐይፍ ይባል እንደነበር ተዘግቧል። አንድ ሌሊት የመዲና ሰዎች ድምፅ ሰምተው ሲደነግጡ፣ እርሳቸው (ሰ.ዐ.ወ) የአቡ ጦልሓን ፈረስ ኮርቻ እንኳ ሳይጫንበት ጋልበው ከሁሉም ቀድመው አጣርተው ተመለሱ። ያ ፈረስ ቀርፋፋ ነው ይባል ነበር፤ እርሳቸው ግን እንደ ባሕር የሚፈስ ሆኖ እንዳገኙት ተናገሩ። ፈረሰኞች ይህን ታሪክ ሲሰሙ ፈገግ ይላሉ። ቀርፋፋ ከሚባሉት ፈረሶች ግማሾቹ የሚጋልባቸው ሰው ያጡ መሆናቸውን ያውቃሉና።

አሁን ወደ አባት ጥያቄ እንምጣ። በደብረ ታቦር የፈረስ ጉግስ በስፋት የሚታየው በጥምቀት ሰሞንና ጥር 25 በሚውለው የመርቆሬዎስ በዓል ነው። በአዊ ዞን እንጅባራ ላይ ደግሞ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ይሰበሰባል። ይህ ማኅበር በ1932 ዓ.ም. እንደተመሠረተ ይነገራል። በዓድዋና በአምስቱ ዓመት የአርበኞች ተጋድሎ ፈረስ የዋለውን ውለታ የሚያስብ፣ አባላቱም በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ማኅበር ነው። ፈረሰኞቹ ጨዋታ ብቻ አይደሉም፤ ይደጋገፋሉ፣ የተጣላ ያስታርቃሉ።

እንግዲህ የቀኑ መገጣጠም ግልጽ ነው። ሆኖም ለምን ጥር ሆነ ብለን ብንጠይቅ መልሱ ግማሹ መሬት ላይ ነው። እህል ተሰብስቧል። ሜዳው ደርቋል፤ በክረምት ቢሆን ፈረሱ ጭቃ ላይ ተንሸራቶ እግሩን ይሰብራል። ገለባ ተትረፍርፏል። ሰውም ከአጨዳና ከውቂያ አርፏል። ሠርጉ ሁሉ በጥር የሚሆነውም ለዚሁ ነው፤ የሙስሊሙም የክርስቲያኑም። ጨዋታው የወቅት ልጅ ነው ማለት እንችላለን።

ስለዚህ ሁለቱን ነገር መለየት ነው። አምልኮ አምልኮ ነው፤ የእኛ ድርሻ የለበትም፣ ጎረቤቶቻችንም ይህን አውቀው ያከብሩልናል። የፈረስ ግልቢያ ግን ችሎታ ነው። ልጆቻችን ይህን ችሎታ ለመማር የሌላ ሰው በዓል መጠበቅ የለባቸውም። በሠርግ አለ፣ በዒድ አለ፣ ምንም በዓል በሌለበት ቅዳሜ ከሰዓት አለ።

ዒድን ካነሳን፣ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን የእናታችንን የዓኢሻን (ረ.ዐ) ወሬ እናስታውስ። በዒድ ቀን ሐበሾች በጋሻና በጦር ይጫወቱ ነበር፤ ያውም በነቢዩ መስጂድ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዓኢሻን ከኋላቸው አቁመው እስክትጠግብ እንድታይ አደረጓት። ዑመር (ረ.ዐ) ሊከለክሏቸው ጠጠር ሲያነሱ፣ ተዋቸው አሏቸው። በፈረስ ላይ አልነበሩም፤ ጋሻውና ጦሩ ግን የጉግስ ጋሻና ጦር ነው። የጨዋታውም ባለቤቶች የእኛው አገር ሰዎች ነበሩ። ይህ ወሬ በሌላ አገር ቢነገር ተራ ወሬ ሊመስል ይችላል። እኛ ቤት ሲነገር ግን ልብ ይነካል።

ውርርዱስ? እዚህ ላይ ቀለል አድርጎ ማለፍ አይቻልም። እሽቅድምድም በራሱ የተወደደ ነገር ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው የፈረስ ውድድር አካሂደዋል። አካሄዱም የሚደንቅ ነው፤ ሁሉንም ፈረስ በአንድ ላይ አልለቀቁም። ለውድድር ተቀልበውና ሰውነታቸው ጠንክሮ የተዘጋጁትን ፈረሶች ከሐፍያእ እስከ ሰኒየቱል ወዳዕ አሯሯጧቸው፤ ይህ አምስት ወይም ስድስት ማይል ያህል ነው። ያልተዘጋጁትን ደግሞ ከዚያው ከሰኒያው እስከ በኑ ዙረይቅ መስጂድ፣ አንድ ማይል ያህል ብቻ አስሮጧቸው። ዐብደላህ ኢብን ዑመር (ረ.ዐ) ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ ነበሩ፤ ቀድመው ሲደርሱ ፈረሳቸው ይዟቸው ወደ መስጂዱ እንደዘለለ ሙስሊም ዘግቧል። ፈረስን እንደ አቅሙ ከፍሎ ማወዳደር በእስልምና ታሪክ ከ1,400 ዓመት በፊት የተሠራበት ሥርዓት ነው። ዛሬ ግን በየሜዳው ትናንት ጭነት ተሸክሞ የመጣን ፈረስ ወር ሙሉ ገብስ ሲበላ ከከረመ ፈረስ ጋር ሲያሯሩጡት እናያለን። የሚሞተው የትኛው እንደሆነ መገመት አያቅትም።

ሽልማትም ይፈቀዳል፤ ከየት እንደሚመጣ ግን ይታያል። ሽልማቱን ከተወዳዳሪዎቹ ውጭ ያለ ሰው፣ የሠርጉ ባለቤት ወይም አንድ ሀብታም ነጋዴ ወይም ክበቡ ከሰጠ ኡለማዎች ይፈቅዱታል። ሁለቱም ተወዳዳሪዎች ገንዘብ አስይዘው ያሸነፈው ሁሉንም የሚወስድ ከሆነ ግን፣ ብዙኃኑ ኡለማዎች ቁማር ነው ይላሉ። በዳር ቆመው «ቦራው ይቀድማል»፣ «የለም አምባላዩ ነው» እያሉ ብር የሚያስይዙ ተመልካቾችማ ነገራቸው ያለቀ ነው፤ ፈረሱ ላይም አልወጡ፣ ሥራም አልሠሩ። ክበብ የሚመሠርቱ ወጣቶች አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ለገለባ፣ ለሐኪም፣ ለገመድ የሚሆን መዋጮ ማዋጣት አንድ ነገር ነው። ያን መዋጮ ሰብስቦ ለአሸናፊ መስጠት ሌላ ነገር ነው። ሁለቱ በአንድ ኪስ ሲገቡ ነው ችግር የሚመጣው። መዝገቡም፣ ሳጥኑም ይለያይ።

አሁን የእናት ጥያቄ። ልጁ አይሰበርም ወይ?

ይሰበራል፣ ካልተጠነቀቅን። ነገር ግን አላህ (ሱ.ወ) ለደጋው የሰጠን ፈረስ ለልጅ የሚስማማ ፈረስ ነው። በዓለም አቀፍ መለኪያ ትከሻው ላይ ሲለካ ከ148 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ ፈረስ ድንክ ፈረስ ወይም ፖኒ ይባላል። የእኛ አገር ፈረስ አብዛኛው 130 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ስለዚህ አባ ታጠቅም ሆነ አባ ጅፋር በውጭ አገር መለኪያ በፖኒ ነበር የሚጋልቡት ማለት ነው። ይህን ሲሰሙ የሚቆጡ ሰዎች አሉ፤ መቆጣት ግን አያስፈልግም። ትንሽ ፈረስ ገደል ይወጣል፣ በትንሽ ቀለብ ይኖራል፣ ቀዝቃዛውን የጉናን አየር ይችላል።

ክብደቱን ደግሞ እናስላ። ፈረስ ጀርባው ሳይጎዳ ሊሸከም የሚገባው ከራሱ ክብደት አንድ አምስተኛውን ያህል ነው ይባላል። አንድ የደጋ ፈረስ 220 ኪሎ ቢመዝን፣ አንድ አምስተኛው 44 ኪሎ ነው። ይህ ኮርቻውን ጨምሮ ነው። 75 ኪሎ የሚመዝን ጎልማሳ ዘንግና ጋሻ ይዞ፣ ከባድ ኮርቻ ጭኖ ሲወጣበት ከልኩ እጥፍ ሊደርስ ነው። የ13 ዓመት ልጅ ግን ልኩ ነው። ማለትም እነዚህ ፈረሶች ከአባቶቹ ይልቅ ለልጆቹ ይመቻሉ። ይህን ስል ቅር የሚሰኙ ጎልማሶች እንዳሉ አውቃለሁ።

አሁን ስለ ዕቃው። የድሮው የአገራችን እርካብ ጠባብ ነበር፤ ፈረሰኛው ባዶ እግሩን ሆኖ በአውራ ጣቱ ብቻ ይይዘው ነበር። ሲወድቅ ጣቱ ቶሎ ይለቃል። ዛሬ ልጆቻችን ስኒከር ወይም ቦት ጫማ አድርገው ይወጣሉ። እግር በጫማው እርካብ ውስጥ ገብቶ ከተቀረቀረ፣ ልጁ ወድቆም ከፈረሱ አይላቀቅም፤ ይጎተታል። መጎተት ደግሞ ሊገድል ይችላል። ስለዚህ እርካቡ ከጫማው ሰፋ ያለ ይሁን፣ ጫማው ደግሞ ትንሽ ተረከዝ ይኑረው፤ ተረከዙ እግር ሙሉ በሙሉ እንዳያልፍ ይይዛል። ለራስ የሞተር ሳይክል ሄልሜትም ቢሆን ከምንም ይሻላል። በሆዱ ስር የሚያልፈውን የኮርቻ ማሰሪያ ልጁ ራሱ ሁለት ጊዜ ይፈትሽ፤ ሲጫን አንድ ጊዜ፣ ጥቂት ካራመደ በኋላ ደግሞ አንድ ጊዜ። ብልጥ ፈረስ ሲታሰር ሆዱን ይነፋል፣ ኋላ ይለቀዋል፤ ኮርቻውም ከነልጁ ወደ ጎን ይዞራል።

ልጓሙን በተመለከተ ደግሞ የምናገረው የእናትን ሳይሆን የፈረሱን ጥያቄ ነው። የአገራችን ባህላዊ ልጓም በታችኛው መንጋጋ ዙሪያ የሚገባ የብረት ቀለበት አለው። ብርቱ ነገር ነው። በሙሉ ግልቢያ ላይ ያለን ፈረስ ባንዴ ቀጥ የሚያደርገው እሱ ነው። በጦርነት ጊዜ ያ ሕይወት ያድን ነበር። ባልሠለጠነ ልጅ እጅ ሲገባ ግን ምላስ ይቆርጣል፣ ድድ ያቆስላል፣ መንጋጋ ይሰነጥቃል። ጉግስ ካለቀ በኋላ አፉ ደም ያዘለ አረፋ የሚደፍቅ ፈረስ አይታችሁ ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው። ጀማሪ ልጅ መጀመሪያ ብረት በሌለው የገመድ ወይም የቆዳ ማሰሪያ ብቻ፣ በሶምሶማ፣ በታጠረ ቦታ ይማር። ዛብ ሳይጎትት ማቆም ሲችል ያኔ ልጓም ይሰጠው።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የእንስሳን ፊት መምታትንም፣ ፊቱ ላይ መተኮስንም ከልክለዋል፤ ሙስሊም ዘግቦታል። በኢማም ማሊክ ሙወጠእ እንደተዘገበውም፣ የፈረሳቸውን ፊት በልብሳቸው ሲጠርጉ ታይተዋል። ፊቱን በልብሳቸው የጠረጉለትን እንስሳ እኛ አፉን ደም አስተፍተን «ጀግና ፈረሰኛ» ብንባል ነገሩ አይገጥምም።

ፈረሱ ከሦስት ዓመት በታች ከሆነ አይጫን፤ አጥንቱ አልጠነከረም። ዕድሜውን በጥርሱ የሚያውቁ ሽማግሌዎች በየገበያው አሉ፣ ከመግዛት በፊት እነሱን መጠየቅ ነው። ሽምጥ ከጋለበ በኋላ ላቡ እስኪደርቅ፣ ትንፋሹ እስኪረጋ ይራመድ እንጂ ባንዴ አይታሰር። ውሃውንም ጥቂት በጥቂት ይጠጣ።

እስካሁን የተናገርነው ለደብረ ታቦርም ለይፋግም የሚሆን ነው። ይፋግ ግን የራሷ ሁለት ችግር አለባት።

አንዱ ሜዳ ነው። የፎገራና የሊቦ ሜዳ ድሮ የግጦሽ አገር ነበር። የፎገራ ላም ዝናዋን ያገኘችው ከዚያ ሳር ነው። በ1970ዎቹ ዓመታት ሩዝ ወደ ፎገራ ገባ፤ ቀስ በቀስም ክረምት ውሃ የሚያቁረው ሜዳ ሁሉ ሩዝ ሆነ። ይህን በመጥፎ አንወስደውም፤ ብዙ ቤተሰብ ከረሃብ ያወጣ፣ ለብዙ ልጅ ደብተር የገዛ እህል ነው። ግን የወል ግጦሹ ጠበበ። ላሟም ፈረሱም ቦታ አጡ። ጥር ላይ ሩዙ ታጭዶ ሜዳው ባዶ ሲሆን ለጥቂት ሳምንታት ልጆች የሚጋልቡበት ቦታ ይገኝ ይሆናል፤ ነገር ግን መሬቱ የሰው ነው፣ ባለቤቱም አተር ወይም ጓያ ሊዘራበት ይችላል። ክበብ ያሰቡ ወጣቶች መጀመሪያ የሚሄዱት ወደ ፈረስ ገበያ ሳይሆን ወደ ባለ ማሳዎቹና ወደ ቀበሌው ይሁን። ያላስፈቀዱትን ማሳ መርገጥ የሰው ሐቅ ነው።

እዚህ ላይ ነው ቅድም ያልናቸው የእንግሊዝ ልጆች ጨዋታዎች የሚጠቅሙት። ጉግስ ሰፊ ሜዳ ይፈልጋል። በእንጨት መሃል መጥመዝመዝ ግን የእግር ኳስ ሜዳ ግማሽ ይበቃዋል። አምስት ስድስት ዘንግ በመስመር ይተከላል፤ ልጁ አንዱንም ሳይጥል ተጥመዝምዞ ሄዶ ይመለሳል፣ ጓደኛው ይቀጥላል። ባንዲራ መንቀል፣ ውሃ የሞላ ጣሳ ሳያፈሱ ማድረስ፣ ወርዶ ፈረሱን እየመሩ ጥቂት ሮጦ እንደገና መውጣት፤ ይህ ሁሉ የሚለካው ፈረሱን በማሠቃየት ሳይሆን በማግባባት ነው። የጣሳው ጨዋታ በተለይ ጥሩ ነው፤ ዛብ የሚጎትት ልጅ ውሃውን ራሱ ላይ ያፈሰዋል፣ መምህርም መቆጣት አያስፈልገውም። በዚህ ሁለት ወይም ሦስት ወቅት ያለፈ ልጅ ወደ ጉግስ ቢገባ እንኳ መዞር ያውቃል። ሴት ልጆችም ቢሆኑ በእህቶቻቸውና በእናቶቻቸው መካከል፣ በሥርዓቱ ሆኖ ቢማሩት ምን ነውር አለው? የይፋግ እናቶች በቅሎ ላይ ተቀምጠው ገበያ የሄዱበት ዘመን ሩቅ አይደለም።

ቡድን ይሁን፣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑም ልጅ ይቀላቀሉበት። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ክልሉን ባወከው ግጭት ምክንያት ልጆች ከቤት ርቀው መሄድ አስቸግሯቸዋል። በሰፈር የሚደረግ፣ ትንሽ፣ ብዙ ሰው የማይሰበስብ ጨዋታ ለእንዲህ ያለው ጊዜም ይሻላል። የተሸነፈ ልጅ ሲያለቅስ ደግሞ የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ግመል የዐድባእን ታሪክ ንገሩት። ዐድባእ ተቀድማ አታውቅም ነበር። አንድ ቀን የአንድ የገጠር ሰው ግመል ቀደመቻትና ሰሐቦች ከፋቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን በዚች ዓለም ከፍ ያለን ነገር ሁሉ አላህ ዝቅ ማድረጉ የተገባ እንደሆነ ነገሯቸው። ቡኻሪ ዘግቦታል።

ሁለተኛው የይፋግ ችግር በሽታ ነው። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ይፋግ ግን ጣና ዳር ወደ 1,900 ሜትር ዝቅ ብላለች፣ ሙቀትና ረግረግ አለባት። በዝቅተኛና እርጥበት ባለው አገር የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚባል አለ። የሚያስተላልፉት በዓይን በጭንቅ የሚታዩ ተናካሽ ትንኞች ናቸው። ከፈረስ ወደ ፈረስ በመነካካት አይተላለፍም። የሚበረታው ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ትንኙ በሚበዛበት ጊዜ ነው። ፈረሱ ያተኩሳል፣ ከዓይኑ በላይ ያለው ጎድጓዳ ቦታ ያብጣል፣ ይተነፍሳል እንጂ አየር አይበቃውም፣ በአፍንጫው አረፋ ይወጣል። በአንድ ሁለት ቀን ሊሞት ይችላል። በበሽታው ከተያዘ መድኃኒት የለውም፤ ክትባት ግን አለው፣ በቢሾፍቱ በሚገኘው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ይመረታል። ስለዚህ ከደጋ ፈረስ ገዝቶ ወደ ይፋግ የሚያወርድ ሰው በመስከረም ሳይሆን ትንኙ ሲቀንስ፣ በታኅሣሥ ወይም በጥር ያውርድ፤ የወረዳውንም የእንስሳት ሐኪም አስቀድሞ ስለ ክትባቱ ይጠይቅ። ትንኙ በብዛት የሚናከሰው ከመግሪብ እስከ ፈጅር ባለው ጊዜ ነው። በዚያ ሰዓት ፈረሱን ሜዳ ላይ ከማሳደር ጣሪያና ግድግዳ ባለው ቦታ ማስገባት ብዙ ይረዳል።

ሌላም አለ። በእግሩ ወይም በአንገቱ ላይ እንደ ዶቃ ተሰክተው የሚታዩ፣ የሚፈነዱና መግል የሚያወጡ እብጠቶች ያሉበትን ፈረስ አትግዙ። ይህ በቁስል የሚተላለፍ የፈንገስ በሽታ ነው፤ በየከተማው የጋሪ ፈረሶችን ሲፈጅ የኖረ ነው። የታመመው ፈረስ የተጫነበት ኮርቻ፣ የታሰረበት ገመድ፣ የተጠረገበት ጨርቅ ሁሉ ያስተላልፋል። በክበብ ውስጥ እንግዲህ እያንዳንዱ ፈረስ የራሱ ኮርቻ፣ የራሱ ግላስ፣ የራሱ ገመድ ይኑረው። ዕቃ መዋዋስ የይፋግ ሰው ደግነት ነው፤ የፈረስ ዕቃ ላይ ግን ይቅር። ትንሿም ቁስል በንጹሕ የጨው ውሃ ትታጠብ፣ ዝንብ እንዳያርፍባትም ትሸፈን፤ ቁስሉ እስኪድን ድረስ ልጁ ፈረሱን እየመራ በእግሩ ይሂድ።